ሆስፒታል ስንሄድ የሚያስፈልጉን ቃላት

እዚህ ሪያድ ታምሜ ሆስፒታል ሄጄ ነርሷ «ሐሳሲያ?» ስትለኝ ሳይገባኝ «ላ» አልኳት። ለካ «የማይስማማሽ መድኃኒት አለ ወይ?» ማለቷ ኖሯል! እኔን ደግሞ ፔኒሲሊን አይስማማኝም። ሊወጉኝ ሲሉ ስሙን ሰምቼ በጩኸት ነው የተረፍኩት። ስለዚህ እነዚህን በቃላችሁ ያዙ፦

ኢስቲቅባል፦ መቀበያ። ኢቃማ አሳይተን ካርድ የምናወጣበት።
ጠዋሪእ፦ ድንገተኛ። ቀድሞ የመጣ ሳይሆን የባሰበት ይቀድማል፤ ስለዚህ ወረፋ ተዘለለብኝ ብላችሁ አትቆጡ።
ዒያዳት፦ በቀጠሮ የምንታይበት ተመላላሽ ክፍል።
ሙኽተበር፦ ላቦራቶሪ።
አሺዓ፦ ራጅ።
ሰይደሊያ፦ መድኃኒት ቤት።
ተንዊም፦ አልጋ ይዞ መተኛት።

አምቡላንስ ለመጥራት 997 ይደወላል። ያልገባንን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሳይገባን «ላ» ማለት ግን ሕይወት ያስከፍላል። እግዚአብሔር ይጠብቀን።