ለዕረፍት ሂጂ እንጂ ለሩጫ አትሂጂ

እህት ዓለም፣ ለሴፕቴምበር ያወጣሽውን ዕቅድ አየሁት። በ7 ቀን ውስጥ ሮም፣ ፖምፔ፣ ካፕሪ፣ አማልፊ፣ በመጨረሻም ኢስኪያ ይላል። እኔ እዚህ ውስጥ የሻንጣ ጉተታ እንጂ ዕረፍት አላየሁበትም። ዓመቱን ሙሉ በማታ ፈረቃ በሽተኛ ስታነሺና ስታገላብጪ ከርመሻል። ወገብሽን ያምሻል፣ እንቅልፍሽ ተዛብቷል። የዕረፍት ጊዜሽንም ባቡር ስታሳድጂ ልትጨርሺው ነው? ምክሬን ከሰማሽ አራቱን ሰርዢና ኢስኪያን ብቻ አስቀሪ። ሮም የትም አትሄድም፤ ጉልበት ሲኖርሽ ትደርሺባታለሽ።

ለምን ኢስኪያ ካልሽኝ፣ በውኃዋ ምክንያት ነው። በናፖሊ ባሕረ ሰላጤ ያለች፣ 46 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የምትሰፋ የእሳተ ገሞራ ደሴት ናት። ከሥሯ ያለው ሙቀት ዛሬም አልበረደም። ወደ መሬት የሰረገው ውኃ እዚያ ሞቆና ማዕድን ተሸክሞ ይወጣል፤ በአትክልት ቦታ፣ በሆቴል ግቢ፣ በባሕር ዳር፣ ከባሕሩም ውስጥ ይፈልቃል። ጁሊዮ ያሶሊኖ የሚባል ሐኪም በ1588 እ.ኤ.አ. ምንጮቿን እየዘረዘረ የትኛው ለየትኛው ሕመም እንደሚበጅ መጽሐፍ ጽፎባታል። ፍል ውኃ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ቤት ያሠሩት ፍል ውኃውን ወድደው ነው፤ አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በእሱ ዙሪያ ነው። ስለዚህ ስፓ ሲባል የሀብታም ቅንጦት መስሎ አያስፈራሽ። የደከመ ሰውነትን በሙቅ ውኃ ማሳረፍ የእናቶቻችን ልማድ ነው።

ወሩን ግን ጥሩ መርጠሻል። ትልልቆቹ የፍል ውኃ መናፈሻዎች የሚከፈቱት ከኤፕሪል አጋማሽ አካባቢ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ገደማ ነው፤ ክረምት ላይ ብትሄጂ በሩ ተዘግቶ ታገኚዋለሽ። በኦገስት ጣሊያኖች ራሳቸው ዕረፍት ወጥተው ደሴቲቱን ያጥለቀልቋታል። በተለይ በ15ኛው ቀን፣ ፌራጎስቶ በሚሉት በዓላቸው ሰሞን፣ ዋጋው ይሰቀላል፣ የባሕር ዳር ወንበርም አይገኝም። ለእኛም ወቅቱ የፍልሰታ ጾም ነው። በሴፕቴምበር ባሕሩ የበጋውን ሙቀት እንደያዘ ነው፤ ሰዉ ይቀንሳል፣ ከወሩ አጋማሽ በኋላም የሆቴል ዋጋ ይረግባል። ከተመቸሽ እንቁጣጣሽን እዚያ አሳልፊው።

ከሁሉ በፊት የምታድሪበትን መንደር ምረጪ፤ ቀንሽ እንዴት እንደሚውል የሚወስነው እሱ ነው። ኢስኪያ ፖርቶ መርከብ የሚያርፍበት ዋናው ከተማ ነው፤ ማታ ማታ መውጣትና ሰው ማየት ከፈለግሽ ይሻልሻል። ፎሪዮ በምዕራብ በኩል ናት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የምትታየው ከዚያ ነው፣ የቺታራ ባሕር ዳርና ፖሴይዶን የሚባለው ትልቁ የፍል ውኃ መናፈሻም እዚያው ናቸው። ሳንታንጄሎ መኪና የማይገባባት ጸጥ ያለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። የቀድሞዋ የጀርመን መራሒተ መንግሥት አንጌላ ሜርክል ዕረፍታቸውን ይወስዱባት የነበረችው እሷ ናት፤ ውብ ናት፣ ግን ዋጋዋ ከበድ ይላል፣ መንገዷም ዳገት ነው። ካዛሚቾላ ደግሞ የራሳቸው የፍል ውኃ ገንዳ ያላቸው የቆዩ ሆቴሎች ያሉባት ናት። ለአንቺ ፎሪዮን እመርጥልሻለሁ።

ሆቴል ስትይዢ ሦስት ነገር ጠይቂ። ገንዳው በእርግጥ የፍል ውኃ ነው ወይስ ተራ ውኃ የሞቀ? የገንዳው ዋጋ ከክፍሉ ጋር ነው ወይስ ለብቻ ይከፈላል? ከአውቶቡስ ፌርማታ ምን ያህል ይርቃል? ደሴቲቱ ተራራማ ናት፤ የኤፖሜዮ ጫፍ ወደ 790 ሜትር ይጠጋል። በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስለው ሆቴል በእግር ግማሽ ሰዓት ዳገት ሊሆን ይችላል። ከክፍሉ ዋጋ ሌላ ለየሌሊቱ የሚከፈል የቱሪስት ግብር እንዳለም አትርሺ። እንግሊዝኛው አልሄድ ካለሽ ጀርመንኛሽን አውጪው፤ ጀርመኖች ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሲመላለሱባት ስለኖሩ ሆቴሎቹ ለምደውታል።

ጉዞው ቀላል ነው። ከጀርመን ናፖሊ ድረስ በቀጥታ ትበሪያለሽ፤ ከአየር ማረፊያው አሊቡስ የሚባለው አውቶቡስ ወደቡ ድረስ ያደርስሻል። ፈጣኑ ጀልባ ከሞሎ ቤቬሬሎ ተነስቶ በ1 ሰዓት ገደማ ይደርሳል፤ ትልቁ መርከብ ከፖርታ ዲ ማሳ ተነስቶ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል፣ ግን ይረክሳል። ባሕር ሲናወጥ መጀመሪያ የሚቀረው ፈጣኑ ነው። ስለዚህ በመመለሻሽ ቀን በመጨረሻው ጀልባ አትተማመኚ፤ ጠዋት ተሻገሪ፣ ወይም የመጨረሻዋን ሌሊት ናፖሊ እደሪ። መኪና አትከራዪ። ደሴቲቱን የሚዞሩ አውቶቡሶች አሉ፤ ቲኬቱን ከትምባሆ መሸጫ ሱቅ አስቀድመሽ ግዢ። እንደ ባጃጃችን ባለ ሦስት ጎማ ትንንሽ ታክሲም ታገኚያለሽ፤ ከመሳፈርሽ በፊት ዋጋ ተነጋገሪ። ፓስፖርትሽንና የመኖሪያ ፈቃድ ካርድሽን ዋናውን ያዢ። ኮፒና የስልክ ፎቶ አይበቃም።

አሁን ወደ ውኃው እንምጣ። ፖሴይዶን ውስጥ ሙቀታቸው ከ28 እስከ 40 ዲግሪ የሚደርስ ወደ 20 የሚጠጉ ገንዳዎች አሉ፤ ከፊታቸውም ባሕሩ አለ። ላኮ አሜኖ ያለው ኔጎምቦ በዛፍ የተሸፈነ ነው፤ የሳን ሞንታኖን ጥልቀት የሌለው ባሕር ዳር ይጋራል። ለአንድ ቀን 50 ዩሮ ገደማ መድቢ፤ ከሰዓት በኋላ የሚገባ ሰው ቅናሽ የሚያገኝበትም አለ። በየቀኑ ግን አትሂጂ፤ ለኪስሽም ለሰውነትሽም አይሆንም። አንድ ቀን መናፈሻ፣ በማግስቱ ባሕር ዳር ወይም ሙሉ እንቅልፍ አድርጊው።

ስትገቢ ከለብታው ጀምረሽ ወደ ሙቁ እለፊ። በጣም ሙቅ ከሆነው ገንዳ ከ10 ወይም ከ15 ደቂቃ በላይ አትቆዪ፤ ወጥተሽ ጋደም በይ፣ ውኃ ጠጪ፣ ከዚያ ተመለሺ። በልተሽ እንደጠገብሽ ወይም ወይን ጠጥተሽ አትግቢ። ራስሽን ካዞረሽ ወዲያው ውጪ። እርጉዝ የሆነች፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከመሄዱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ለወገብሽ ፋንጎ የሚሉትን በፍል ውኃ የታሸ ትኩስ ጭቃ መሞከር ትችያለሽ፤ መጀመሪያ የፍል ውኃ ቤቱ ሐኪም ያይሻል፣ እሱን እንደ መጉላላት አትቁጠሪው።

ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። ብዙዎቹ ገንዳዎች ያለ ፀጉር ቆብ አያስገቡም፤ እዚያ የሚሸጠው ደግሞ ለእኛ ፀጉር ይጠብባል። ለሹሩባ የሚሆን ሰፊ ቆብ ከዚሁ ገዝተሽ ሂጂ። ከመግባትሽ በፊት ፀጉርሽን በንጹሕ ውኃ አርጥቢው፣ ስትወጪ ታጠቢና ቅባት አታጓድዪበት፤ ማዕድኑና ጨዉ ያደርቁታል። የብር መስቀልሽንና ቀለበትሽን ሆቴል አስቀምጪ፣ እንዲህ ያለ ውኃ ብርን ያጠቁራል። ጥቁር ነኝ ብለሽም የፀሐይ መከላከያ አትናቂ፤ የእኛም ቆዳ ይቃጠላል።

ገንዘብ የማይጠይቀውም ሞልቷል። ሶርጄቶ በሚባለው ትንሽ ወሽመጥ ፍል ውኃው ከድንጋዩ ሥር ወጥቶ ከባሕሩ ጋር ይቀላቀላል፤ ሰዉ ድንጋይ ከብቦ በሠራው ገንዳ ውስጥ ይተኛል። ለመውረድ ከ200 በላይ ደረጃ አለው፤ የላስቲክ ጫማ አድርጊ፣ ምንጩ አጠገብ ያለው ውኃ ይፋጃልና መጀመሪያ በእጅሽ ሞክሪ፣ መውረጃው ክፍት መሆኑንም ሆቴሉን ጠይቂ። ማሮንቲ የደሴቲቱ ረጅሙ ባሕር ዳር ነው። ከሳንታንጄሎ ወዲህ ባለው ፉማሮሌ በሚባለው ቦታ አሸዋው ራሱ ይተንናል፤ የአገሬው ሰው እንቁላልና ዶሮ ጠቅልሎ ቀብሮ ያበስልበታል። በየባሕር ዳሩ ጥላና ወንበር የሚከራይበት ክፍልና በነጻ ፎጣሽን የምታነጥፊበት ክፍል አለ። ጥላ ስትከራዪ ዋጋው እንደ ረድፉ ይለያያል፤ ከኋላ ያለው ይረክሳል፣ ባሕሩ ግን ያው ነው።

ምግቡ አያስቸግርሽም፤ አንድ ነገር ብቻ እወቂ። የደሴቲቱ ዝነኛ ወጥ ጥንቸል ነው። ኮኒሊዮ የሚል ስም በምግብ ዝርዝሩ ላይ ካየሽ እሱ ነው፤ የፓስታ ስጎም ይሠሩበታልና ጠይቀሽ እዘዢ። ረቡዕና ዓርብ ማሪናራ ፒዛ ያዋጣሻል፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት እንጂ አይብ የለበትም።

እማዬን አስመጥቼ እወስዳታለሁ ያልሽው ሐሳብ ደስ ብሎኛል፤ ለጉልበቷ ይበጃታል። ግን ለዘንድሮ አይደርስምና ለሚቀጥለው ዓመት ያዢው። የሸንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን ይጠየቃል። ለእሷ የራሱ ገንዳ ያለው ሆቴል ያዢ፣ ግፊቷን አስለኪ፣ ሶርጄቶ ደረጃ ላይ አታውጫት።

የመጨረሻው ነገር የገንዘቡ ሐሳብ ነው። አውቅሻለሁ። «ይኸን ሆቴል የምከፍልበትን ለቤተሰብ ብልከው» እያልሽ ሦስት ዓመት ዕረፍት ሳትወጪ ቀርተሻል። የምትልኪው ገንዘብ የሚገኘው ግን ከዚያው ከሚያምሽ ወገብ ነው። እሱ የተሰበረ ቀን ለማንም የሚላክ አይኖርም፤ ከዚያም በላይ ደግሞ አንቺ ራስሽ ማረፍ የሚገባሽ ሰው ነሽ፣ ለዚህ ምክንያት ማቅረብ የለብሽም። የወር ድርሻቸውን አስቀድመሽ ላኪ፣ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ዕረፍት ላይ ነኝ» ብለሽ ንገሪያቸው፣ ስልክሽንም በቀን አንዴ ብቻ ክፈቺ። ቅር የሚለው ካለ ወደ እኔ ይደውል፣ እኔ እመልስለታለሁ።

ነገ ሥራ ስትገቢ መጀመሪያ የዕረፍት ቀንሽን አስፈርሚ። ማታ በነጻ የሚሰረዝ ሆቴል ያዢ፣ ከዚያ በኋላ የአውሮፕላን ቲኬቱን ቁረጪ። የቀረውን አብረን እናየዋለን።