ኦቲዝም ያለበት ልጅና የሰው ዓይን

ኦቲዝም የአእምሮ እድገት ልዩነት ነው። እርግማን አይደለም፣ ቡዳም አይደለም፣ የእናት ጥፋትም አይደለም። አገራችን ግን የሰው ወሬ ፈርተው ልጃቸው ላይ ቤት የሚዘጉ ወላጆች አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት፤ አልደበቁትም። እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ፤ በ2021 እስኪያርፉ ድረስም ለእንዲህ ያሉ ልጆች ተሟገቱ።

እኔ የምጠብቀው ልጅም ኦቲዝም አለበት። ማዳም “ጩኸቱን ለምጄዋለሁ፤ የሚያደክመኝ ሱቅ ስንገባ ‘አሳዳጊ የበደለው’ የሚለን ሰው ነው” ትላለች። ስለዚህ፦

1. ሲጮህ አታፍጥጡበት፤ ጫጫታው ወይ መብራቱ በዝቶበት ይሆናል።
2. በድንገት አትንኩት፤ በአጭር ቃል ቀስ ብላችሁ ንገሩት።
3. እናቱን “ምን ላግዝሽ?” በሏት።

ከንፈር አንምጠጥ፤ ልጁን በስሙ እንጥራው።