የጥርስ ሐኪምን ፈቃድ ማን ይሰጣል? ፈቃድ ሰጪውንስ ማን ይቆጣጠራል?

የታመመ ጥርሱን ለማሳከም አፉን ከፍቶ የሚቀመጥ ሰው፣ መሣሪያ ይዞ ከፊቱ የቆመውን ባለሙያ ዕውቀት የሚመዝንበት መንገድ የለውም። በመሆኑም በእርሱ ፈንታ መዝኖ «ይህ ሰው ብቁ ነው» የሚል አካል ያስፈልገዋል። የሥራ ፈቃድ መሠረተ ሐሳብ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ የአንድን ባለሙያ ብቃት በትክክል ሊመዝን የሚችለው ሌላው ባለሙያ ሲሆን፣ እርሱም በዚያው ገበያ የሚሠራ ተወዳዳሪ ሊሆን ይችላል። ይህ እንቆቅልሽ በአሜሪካ በግዛቶችና በፌዴራል መንግሥት መካከል ያስነሣውን የሥልጣን ክርክር በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሥልጣኑ ለምን የግዛቶች ሆነ?

በ1791 የጸደቀው አሥረኛው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ፣ ለፌዴራል መንግሥት ያልተሰጡና ለግዛቶችም ያልተከለከሉ ሥልጣኖች ለግዛቶች ወይም ለሕዝቡ የተጠበቁ መሆናቸውን ይደነግጋል። የሕዝብን ጤናና ደኅንነት የመጠበቅ ሥልጣንም ከእነዚህ አንዱ ነው። ጥርስ ሕክምናን በሕግ በመቆጣጠር ቀዳሚ የሆነችው አላባማ ስትሆን፣ ሕጉን ያወጣችው በ1841፣ ማለትም በባልቲሞር የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ከተመሠረተ ከአንድ ዓመት በኋላ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1889 «ዴንት» በተባለ ሐኪምና በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት መካከል በነበረው ክርክር፣ ግዛቶች ለሐኪሞች የብቃት መመዘኛ ማውጣት እንደሚችሉ አጽንቷል። ዛሬም እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግና ፈቃድ ሰጪ ቦርድ ያለው ሲሆን፣ በአንዱ ግዛት የተገኘ ፈቃድ በሌላው በቀጥታ አያሠራም።

የሰሜን ካሮላይና ጉዳይ

የሰሜን ካሮላይና የጥርስ ሕክምና ቦርድ 8 አባላት ነበሩት። ስድስቱ በሥራ ላይ ያሉና በሌሎች የጥርስ ሐኪሞች የሚመረጡ ሐኪሞች ሲሆኑ፣ የቀሩት አንድ የጥርስ ንጽሕና ባለሙያና አንድ የተጠቃሚዎች ተወካይ ናቸው። በ1990ዎቹ የግዛቱ ሐኪሞች ጥርስ የማንጣት አገልግሎት መስጠት ጀመሩ፤ ከ2003 ገደማ ወዲህ ደግሞ ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች በገበያ ማዕከሎችና በውበት ሳሎኖች በርካሽ ዋጋ ይሠሩት ጀመር። ሐኪሞችም ለቦርዱ አቤቱታ አቀረቡ። ከአቤቱታዎቹ አብዛኞቹ የሚያነሡት የዋጋውን ማነስ እንጂ በተጠቃሚው ላይ ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት አልነበረም።

ቦርዱ ከ2006 ጀምሮ ቢያንስ 47 «ሥራችሁን አቁሙ» የሚሉ ደብዳቤዎችን በይፋዊ የደብዳቤ ወረቀቱ ላከ። የግዛቱ ሕግ ጥርስ ማንጣት የጥርስ ሕክምና መሆኑን በግልጽ አይናገርም ነበር። ሆኖም ደብዳቤው የደረሳቸው ሰዎች ሥራውን አቆሙ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2010 በቦርዱ ላይ ክስ የመሠረተው፣ ይህ ድርጊት ውድድርን የሚገታ ነው በማለት ነው።

ሳይንሱ ምን ይላል?

ጥርስን የሚያነጣው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ወይም ሲበተን ይህንኑ የሚሰጥ ካርባማይድ ፐሮክሳይድ ነው። 10 በመቶ የሆነ ካርባማይድ ፐሮክሳይድ 3.5 በመቶ ገደማ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይሰጣል። ውሕዱ በኢናሜል አልፎ ወደ ጥርሱ ውስጥ በመዝለቅ፣ ቀለም የያዙትን ሞለኪውሎች በኦክሲዴሽን ይሰባብራቸዋል፤ ቀለሙም ይፈዛል።

መጠኑ ሲበዛ ድድን ሊያቃጥልና ጥርስን ለቅዝቃዜና ለሙቀት ስሱ ሊያደርግ ይችላል። ከዚህም ሌላ የጥርስ መጥቆር መንስኤው ብዙ ነው። በስምጥ ሸለቆአችን አካባቢዎች እንደሚታየው ከፍሎራይድ ብዛት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሥሩ የሞተ ወይም የተበላ ጥርስ ምልክትም ሊሆን ይችላል። ይህን ለይቶ ማወቅ ሙያ ይጠይቃል። እንግዲህ የሐኪሞቹ ሥጋት መሠረት የለሽ ነበር ማለት አይቻልም። ጥያቄው አደጋው መኖሩ ሳይሆን፣ አደጋውንና ጥቅሙን አመዛዝኖ ክልከላውን መወሰን ያለበት ማን ነው የሚለው ነበር።

የ2015 ውሳኔ

ቦርዱ «እኔ የግዛቱ አካል ነኝ፤ የፌዴራል የፀረ ሞኖፖል ሕግ አይመለከተኝም» ሲል ተከራከረ። በእርግጥም ከ1943 ጀምሮ ግዛቶች በራሳቸው ሉዓላዊ ሥልጣን የሚወስዱት እርምጃ ከዚህ ሕግ ነፃ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በየካቲት 2015 በ6 ለ3 ድምፅ የቦርዱን መከራከሪያ ውድቅ አደረገ። በዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ የተጻፈው ውሳኔ እንደሚለው፣ የቦርዱን ውሳኔ የሚቆጣጠሩት አባላት በዚያው ገበያ የሚሠሩ ከሆኑ፣ ከለላው የሚገኘው ግዛቱ በንቃት ሲቆጣጠራቸው ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው የውሳኔውን ፍሬ ነገር መመርመር፣ የመሻር ወይም የማሻሻል ሥልጣን መያዝ፣ ራሱም የገበያው ተዋናይ አለመሆን ይገባዋል።

በልዩነት የወጡት ዳኛ ሳሙኤል አሊቶ ያቀረቡት ሐሳብም ቀላል አይደለም። ቦርዱን ያቋቋመው የግዛቱ ሕግ አውጪ ነው፤ እንዲህ ያሉ ቦርዶችም ከጥንት ጀምሮ የሚዋቀሩት ከባለሙያዎች ነው። «የገበያ ተዋናይ» የሚባለው ማን እንደሆነ ለመለየትም ያስቸግራል።

ልብ ልንለው የሚገባው፣ ፌዴራል መንግሥቱ ፈቃድ የመስጠቱን ሥልጣን አለመውሰዱን ነው። ሥልጣኑን ለግዛቱ ትቶ፣ «በስምህ የሚሠሩትን አንተው ተቆጣጠር» አለው እንጂ።

ፌዴራሉ ቀዳሚ የሚሆንበት ጊዜ

የፌዴራል ሕግ ከግዛት ፈቃድ የሚቀድምበት ሁኔታም አለ። የጦር ሠራዊቱ የጥርስ ሐኪም ከአንድ ግዛት ፈቃድ ካለው፣ በተመደበበት ግዛት ሁሉ የሠራዊቱን ሥራ ሊያከናውን ይችላል። በአላስካም በአውሮፕላን ወይም በጀልባ ብቻ በሚደረስባቸው የነባር ሕዝቦች መንደሮች ጥርስ የሚሞሉና የሚነቅሉ፣ ሐኪም ያልሆኑ የጥርስ ጤና ቴራፒስቶች በፌዴራል መርሐ ግብር ተሠማርተዋል። የሐኪሞች ማኅበራት ይህን በመቃወም በ2006 ቢከሱም፣ የግዛቱ ፍርድ ቤት በ2007 ቴራፒስቶቹ ያለ ግዛቱ ፈቃድ መሥራት እንደሚችሉ ወስኗል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከትናቸው ጉዳዮች የምንረዳው፣ ባለሙያ የሌለበት ፈቃድ ሰጪ ዕውር ሊሆን እንደሚችል፣ ተቆጣጣሪ የሌለው ባለሙያ ደግሞ የራሱን ጥቅም ከሕዝብ ጤና ጋር ሊያደባልቅ እንደሚችል ነው። የጤና ቁጥጥር ሥራ በፌዴራልና በክልል አካላት በሚከፈልባት አገራችንም፣ «ሥልጣኑ የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። «የወሰነውን ማን ይመረምራል?» የሚለውንም አብረን ልንጠይቅ ይገባል እንላለን፤ አፉን ከፍቶ የተቀመጠው ታካሚ መጠየቅ አይችልምና።