በፖም ግዛ፣ በአይብ ሽጥ፦ የወይን ጠጅ፣ የሜስና የአይብ ቅምሻ በቤት ውስጥ

መግቢያ

በዚህ ጽሑፍ ወይን ጠጅን ከአይብ ጋር አጣምሮ በቤት ውስጥ ስለመቅመስ የተማርኩትን ላካፍላችሁ እወዳለሁ። «ጋዜጠኝነት ክፍል ውስጥ ወይን ጠጅና አይብ ምን ያደርጋል?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም መጀመሪያ ላይ ቀላል ርዕስ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአጻጻፍ ኮርስ ላይ አንድን ነገር እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጁ ተባልን። እኔም ካነበብኩት ለቃቅሜ ስለ ወይን ጠጅና አይብ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። «የእንጆሪ መዓዛ»፣ «የኦክ እንጨት ቃና» እያልኩ አሳመርኩት። መምህሩ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ከታች በቀይ እስክሪብቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፈው ነበር፦ «ከዚህ ውስጥ የትኛውን ቀምሰሻል?» እውነቱን ለመናገር አንዱንም። ኦክ የሚባል ዛፍ ደሞ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ሦስት ሳምንት ተጨመረልኝ።

የምኖረው ሓድነት ክፍለ ከተማ ከአክስቴ ጋር ነው። አክስቴ በሰፈሩ በሜሷ የታወቀች ሴት ነበረች። ሜስ በትግርኛ ጠጅ ማለት ነው። ጦርነቱ ከተጀመረበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ግን ጥላ አታውቅም። መጀመሪያ ማር ጠፋ፤ ቀጥሎ ባንክ ተዘግቶ ገንዘብ ጠፋ፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም ማሩ ገበያ ላይ ሲታይ ዋጋው አልቀመስ አለ። ጋኑ ጓዳ ውስጥ እንደተደፋ ቀረ። ለትምህርቴ እንደምፈልገው ስነግራት ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ለትምህርትሽ ከሆነ እሺ፣ ጓለይ» አለችኝ። በማግስቱ አንድ ኪሎ ማርና ጌሾ ይዛ መጣች።

ስለ መጠጡና ስለ አይቡ ጥቂት

እንደሚታወቀው በአገራችን ወይን ጠጅ አዲስ ነገር አይደለም። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ደረቁን ቀይ ጉደርንና ጣፋጩን አክሱማይትን ለረጅም ዘመን ሲያቀርብ ኖሯል። ካስትል ደግሞ ዝዋይ (ባቱ) ላይ ወይን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፍት ቫሊና አኬሺያ የተባሉትን ለገበያ አውጥቷል። «ደረቅ» ሲባል ስኳሩ በመፍላት ወደ አልኮል ተለውጦ ያለቀ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ቋንቋችን ራሱ የወይኑን መጠጥ «የወይን ጠጅ» ብሎ የሰየመው በሚያውቀው በጠጅ መዝኖ ነው።

ጠጅ የሚጣለው ከማር፣ ከውኃና ከጌሾ ነው። የተለመደው ልክ ለአንድ እጅ ማር ሦስት ወይም አራት እጅ ውኃ ነው። ጌሾው ምሬት ይሰጠዋል፣ እንዳይበላሽም ይረዳል።

አይባችን (በትግርኛ ኣጅቦ) ከውጪዎቹ አይቦች በአሠራሩ ይለያል። የረጋው ወተት ተንጦ ቅቤው ከወጣለት በኋላ አሬራው በቀስታ ይሞቃል፤ ሲቋጥር ከአጓቱ ይጠለላል። ስለዚህ አይባችን ቅባቱ ትንሽ ነው፣ ኮምጠጥ ይላል፣ ጨው ካልጨመሩበትም ጨው የለውም። ሱቅ ውስጥ ፎርማጆ የምንለው ጠንካራው አይብ፣ ለምሳሌ ፕሮቮሎን፣ ከሙሉ ወተት ተሠርቶ በጨው ውኃ የተነከረና ለጊዜ የተቀመጠ ነው። ቅባትም ጨውም አለው። ይህች ልዩነት በኋላ ታስፈልገናለች።

ለምን ይስማማሉ?

ነገሩ በሦስት ነጥብ ሊጠቃለል ይችላል።

አንደኛ፣ ቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ። ታኒን ምራቃችን ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ አፍን ያደርቃል። ቅባትና ፕሮቲን ያለው አይብ ሲበላበት ታኒኑ ከአይቡም ጋር ስለሚጣበቅ ወይኑ ይለሰልሳል።

ሁለተኛ፣ ጨው ምሬትን ይቀንሳል፣ ጣፋጭነትንም ያጎላል። ፈረንሳዮች ጨዋማውን ሮክፎር ከጣፋጩ ሶተርን ጋር፣ እንግሊዞችም ስቲልተንን ከፖርት ጋር የሚያቀርቡት ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ኮምጣጣ ነገር ከበላን በኋላ የሚመጣው ኮምጠጥ ያለ መጠጥ ኮምጣጣነቱ ይቀንስብናል። በፈረንሳይ ሎዋር ሸለቆ ሳንሴር የሚባለውን ነጭ ወይን ከዚያው አካባቢ የፍየል አይብ ጋር ማቅረብ የቆየ ልማድ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የአውሮፓ የወይን ነጋዴዎች «በፖም ግዛ፣ በአይብ ሽጥ» የሚል የቆየ አባባል አላቸው። ፖም የወይኑን ጉድለት ያወጣል፣ አይብ ይሸፍናል ማለታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የወጣ የማድሪጋል ጋላንና የሄይማን ጥናት ይህንኑ የሚደግፍ ነው። ስምንት ዓይነት አይብ ከአራት ዓይነት ቀይ ወይን ጋር ሲቀመስ አይቡ አብዛኞቹን የወይኑን ባሕርያት አደብዝዟል፤ ጎልቶ የወጣው ቅቤ ቅቤ የሚል ሽታ ብቻ ነበር። ስለዚህ ወይን ከአይብ ጋር ሲጥም ስለ ወይኑ ጥራት ገና ምንም አላወቅንም ማለት ነው።

የቅምሻው አካሄድ

1. ቀን ምረጡ። አይብ የፍስክ ነው፤ ረቡዕ፣ ዓርብና አጽዋማት አይሆንም። እኛ እሑድ ከሰዓት አደረግነው።

2. ዕጣንም ሆነ ሽቶ ይቅር። ቡናም ከቅምሻው በኋላ ይፈላ። የምንቀምሰው በአፍ ብቻ ሳይሆን በአፍንጫም ነው።

3. አይቡ ከፍሪጅ ከወጣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ በጣም የቀዘቀዘ አይብ ጣዕሙ አይወጣም። ነጩ ወይን ቀዝቀዝ ይበል። ፍሪጅ ከሌለ ጠርሙሱን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ማቆየት ይበቃል።

4. ለአንድ ሰው ከእያንዳንዱ መጠጥ ግማሽ ሲኒ ይበቃል። ዓላማው መቅመስ እንጂ መስከር አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ ስለዚህ ዕድሜያችሁ ያልሞላ ታገሱ። የማይጠጣ ጓደኛ ካለም ያልፈላ ብርዝ አቅርቡለት። እኛ ጋ አንድ የክፍል ጓደኛችን በብርዝ ነው የቀመሰው፤ ከማናችንም የተሻለ ማስታወሻ የያዘውም እሱ ነበር።

5. ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ቁጥር ስጧቸው። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት ቦርዶ ውስጥ 54 የወይን ጠጅ ጥናት ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም የቀላ ነጭ ወይን ቀርቦላቸው በቀይ ወይን ቃላት ገልጸውታል። ዓይናቸው ቀደማቸው።

6. መጀመሪያ መጠጡን ብቻውን ቅመሱና ጻፉ። ቀጥሎ አይቡን ብቻውን፣ በመጨረሻም ሁለቱን አንድ ላይ። ከደረቅ ወደ ጣፋጭ ሂዱ። በየመሃሉ ውኃና ጨው ያልበዛበት ዳቦ አፍ ያጸዳል።

7. ማስታወሻችሁን ሳታነጻጽሩ በየግላችሁ ያዙ። ከተነጋገራችሁ ሁሉም የመጀመሪያውን ተናጋሪ ይከተላል።

ምን አገኘን?

አምስት ሆነን ቀመስን፦ እኔ፣ አክስቴ፣ ሁለት የክፍል ጓደኞቼና አንዲት ጎረቤት። አንድ ደረቅ ቀይ፣ አንድ ጣፋጭ ነጭና የአክስቴ ሜስ ቀረቡ። አይቡ ጨው የሌለው፣ ጨው የገባበት፣ በሚጥሚጣ የታሸ እና ፕሮቮሎን ነበር።

ደረቁ ቀይ ከአይባችን ጋር አልሆነም። አይቡ ቅባቱ ስለወጣለት ታኒኑን የሚያለሰልስበት ነገር አነሰው፤ ኮምጣጣነቱ ደግሞ ድርቀቱን አባሰው። ከፕሮቮሎን ጋር ግን ሌላ መጠጥ እስኪመስል ለሰለሰ። ጣፋጩ ነጭ ከጨዋማው አይብ ጋር ሁላችንንም አስደሰተ። ሚጥሚጣው ከደረቁ ቀይ ጋር ምላስ አቃጠለ፣ ከጣፋጩ ጋር ግን ተቻለ።

አክስቴ ደረቁን ቀይ ቀምሳ «ይሄ ጌሾ የበዛበት ሜስ ነው» አለች። እኔ ሁለት ገጽ ሙሉ ያጣሁትን በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰችው። ሓድነት ውስጥ «የኦክ ቃና» ብል ማን ይገባዋል? «ጌሾ የበዛበት» ብል ግን አፉ የማይጨመደድ የለም።

ቀጥሎ ሦስት ቁጥር መጣ፤ ሜሱ ማለት ነው። ጠቅልዬ ቁጥር የሰጠሁት እኔ ስለሆንኩ ምን እንደሆነ አውቅ ነበር። ብቻውን ስቀምሰው ልቤ ወደቀ። ቀጭን ነበር፣ ጎምዘዝም ይላል። ከጨዋማው አይብ ጋር ሲሆን ግን ጣፋጭነቱ ወጣ፣ ጉምዛዜውም ጠፋ። ጎረቤታችን «አንደኛ!» ብላ አጨበጨበች። እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ። ከአይብ ጋር ያለውን ብቻ ብጽፍ ውሸት አልጻፍኩም፤ አክስቴም ደስ ይላታል። ግን «በአይብ ሽጥ» ማለት ይኸው አይደል?

ማታ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ሁለቱንም ጻፍኩና አነበብኩላት። ማንበቡ እንደ ፈተና አስፈራኝ። እሷ ግን ብርሌውን እያጠበች «ማሩ አንሶታል» አለች። «አንድ ኪሎውን ለሰው ሁሉ ላብቃቃ ብዬ ለአንድ እጅ ማር ስድስት እጅ ውኃ አድርጌ ነው የጣልኩት። እንደቀመስሽው ጻፊው። ዝም ብትዪ ነበር የሚከፋኝ፣ ሜስ አታውቅም ብዬ።»

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው ወይን ጠጅና አይብ ማጣመር ለትልልቅ ሆቴሎች ብቻ የተተወ ጥበብ አይደለም። ደረቁን ቀይ ቅባት ላለው ፎርማጆ፣ ጣፋጩን ነጭና ሜሱን ጨው ለነካው አይባችን ስጡ፤ ሚጥሚጣ ካለ ወደ ጣፋጩ አድሉ። ከሁሉ በላይ ግን መጠጡን ከአይቡ በፊት ቅመሱት። ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ይህ ከማዕድ ያልፋል። የሰጡንን መግለጫ ከነማጣፈጫው ብቻ ተቀብለን የምንጽፍ ከሆነ ሥራችን አይብ ማቅረብ ነው። አንባቢ የሚፈልገው አይቡ ሳይመጣ የቀመስነውን ነው።

ወረቀቴን በድጋሚ አስገብቻለሁ። አክስቴም ጋኑን አጥባ ፀሐይ ላይ አውጥታዋለች። ለመጪው በዓል ማሩን በልኩ እንደምታደርገው ነግራኛለች፤ እኔም ስለ ማሩ የድርሻዬን ከአሁኑ እያጠራቀምኩ ነው። ቸር እንሰንብት።