የቤተሰብን ፊልም ከዲስክ ወደ ሞባይል ስለ መገልበጥ



የዛሬው ትምህርታችን በብዙዎቻችን ሻንጣ ውስጥ ስለሚገኝ አንድ ዕቃ ነው። ይኸውም የሰርግ፣ የክርስትና፣ የኒካህ ወይም የምረቃ ፊልም የተቀዳበት ዲስክ ነው። ከአገር ሲወጣ በልብስ ተጠቅልሎ የመጣ አለ። በካርቱም ከተማ፣ በዴም ወይም በጅሬፍ ሰፈር በተደረገ ድግስ ላይ የተቀረጸ አለ። ከአሜሪካና ከአውሮፓ ዘመድ የላከውም አለ። በፊልሙ ውስጥ ከሚታዩት ሰዎች መካከል ዛሬ በሕይወት የሌሉ አሉ፤ የቀሩትም በየአገሩ ተበትነዋል። የአባቱ ድምፅ የቀረለት በዚያ ዲስክ ላይ ብቻ የሆነ ሰው ጥቂት አይደለም።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ በከተማው ይኖር የነበረው ስደተኛ ሁሉ ዕቃውን ሰብስቦ ለመውጣት ጊዜ አላገኘም። ብዙው ሰው ልጁንና ሞባይሉን ይዞ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ከሰላና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ሄደ። በቁም ሣጥን የቀረ ዲስክ እዚያው ቀረ። በሞባይል ውስጥ የነበረ ፊልም ግን ከባለቤቱ ጋር ወጣ። ይህን ትምህርት ለማዘጋጀት ያነሣሣን ይኸው ነው።

ነገሩ በግለሰብ ቤት ብቻ የታየ አይደለም። በኦምዱርማን የሚገኘው የሱዳን ራዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ በጦርነቱ መጀመሪያ ተይዞ እስከ እ.ኤ.አ. ማርች 2024 ድረስ የውጊያ ቦታ ሆኖ ስለ ቆየ፣ የረጅም ዘመን ፊልምና ድምፅ የተከማቸበት መዝገብ ቤት ለአደጋ ተጋልጦ ነበር። በሌላ በኩል የታወቀው የሱዳን ፊልም ሠሪ ገዳላ ጉባራ (1920–2008) ከሠራቸው ፊልሞች በርከት ያሉት ከጦርነቱ ቀደም ብሎ በጀርመን አገር፣ በበርሊን፣ ወደ ኮምፒውተር ተገልብጠው ስለ ነበር ቅጂያቸው ከከተማው ውጭ ይገኛል። አንድ ቅጂ በሌላ ቦታ መኖሩ የሚሰጠውን ጥቅም ከዚህ መረዳት ይቻላል።

1. ዲስክ ለምን ይበላሻል?

ከፋብሪካ ታትሞ የሚወጣ የፊልም ዲስክ እና በፎቶ ቤት የሚቀዳ ዲስክ አንድ አይደሉም። በፎቶ ቤት የሚቀዳው በውስጡ ስስ የቀለም ንጣፍ አለው። የመቅጃው ጨረር ያንን ቀለም እየለወጠ ይጽፍበታል። ቀለሙ በፀሐይና በሙቀት እየደከመ ይሄዳል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀመጠ ዲስክ ዕድሜው ያጥራል። ፊልሙ ሲታይ መቆራረጥ ወይም በትናንሽ ካሬዎች መሞላት ከጀመረ፣ ዲስኩ መታመሙን የሚያሳይ ምልክት ነው።

ሌላው ችግር የማጫወቻው መጥፋት ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች የዲስክ ማስገቢያ ሳይኖራቸው ይሸጣሉ። የዲቪዲ ማጫወቻም ከገበያ እየጠፋ ነው። ዲስኩ ደኅና ሆኖ የሚያነበው መሣሪያ ቢታጣ ውጤቱ ያው ነው።

2. የያዙት ዲስክ ምን ዓይነት ነው?

ዲስኩ በኮምፒውተር ሲከፈት በውስጡ የሚታዩት ፎልደሮች ዓይነቱን ይነግሩናል።

ሀ) ቪሲዲ፦ እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣ ነው። 74 ደቂቃ ያህል ፊልም ይይዛል። ፊልሙ «ኤምፔግ ኤቪ» በሚባል ፎልደር ውስጥ «ዳት» የሚል ቅጥያ ባለው ፋይል ተቀምጧል። ሥዕሉ አነስተኛ ስለ ሆነ (352 በ288 ነጥብ) በትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ይደበዝዛል፤ በሞባይል ላይ ግን ደኅና ይታያል።

ለ) ዲቪዲ፦ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ነው። የተለመደው ዓይነት 4.7 ጊጋባይት ይይዛል። «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚል ፎልደር አለው፤ ፊልሙም እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋባይት በማይበልጡ «ቪኦቢ» ፋይሎች ተከፋፍሏል። በኢትዮጵያና በሱዳን የተቀዳው 720 በ576 ነጥብ ሲሆን በሴኮንድ 25 ሥዕል ያሳያል። ከአሜሪካ የመጣው 720 በ480 ሆኖ ወደ 30 ሥዕል ያሳያል። ሁለቱም ወደ ሞባይል ይለወጣሉ።

ሐ) እንዲሁ ፋይል የተጫነበት ዲስክ፦ ፎቶግራፍ ወይም ለሞባይል የተዘጋጀ ፊልም ከሆነ መገልበጥ ብቻ ይበቃል።

በገበያ የሚሸጥ ፊልም የባለቤት መብት ያለበት ስለ ሆነ ይህ ትምህርት አይመለከተውም። የምንናገረው ስለ ራሳችን ቤተሰብ ፊልም ብቻ ነው።

3. የሥራው ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ዲስኩን ያጽዱ። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ በውኃ በትንሹ አርጥበው ከመካከሉ ወደ ጠርዙ ቀጥታ ይጥረጉ። ዙሪያውን እያሽከረከሩ አይጥረጉ። ቤንዚንና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይንካው። ጽሑፍ ያለበትን ጀርባም ይጠንቀቁ፤ በተለይ በቪሲዲ ላይ ፊልሙ የተጻፈበት ንጣፍ ከጀርባው ልስን ሥር ስለ ሆነ ከዚያ በኩል የሚደርስ ጭረት የከፋ ነው።

ሁለተኛ፣ ከመለወጥዎ በፊት ሙሉውን ይገልብጡ። ይህ ዋናው ምክራችን ነው። ብዙ ሰው ዲስኩን እንዳስገባ በቀጥታ መለወጥ ይጀምራል። የደከመ ዲስክ ግን ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ይነበብ ይሆናል። ስለዚህ ፎልደሮቹን በሙሉ እንዳሉ ወደ ላፕቶፑ ይገልብጡ። አንዱ መሣሪያ አላነብም ቢል በሌላ ይሞክሩ፤ አንዱ ያልቻለውን ሌላው የሚያነብበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሦስተኛ፣ የተገለበጠውን ያጫውቱ። ቪኤልሲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የ«ዳት»ም ሆነ የ«ቪኦቢ» ፋይልን በላፕቶፕም በሞባይልም ያሳያል። ሞባይልዎ በቂ ቦታ ካለው ፊልሙን ሳይለውጡ በዚህ ፕሮግራም ማየት ይችላሉ።

አራተኛ፣ ይለውጡ። መለወጥ የሚያስፈልገው ፊልሙ ቦታ እንዳይፈጅና በማንኛውም ሞባይል እንዲታይ ነው። ሃንድብሬክ የሚባለው ፕሮግራምም በነፃ ይገኛል። በፕሮግራሙ የ«ቪዲዮ ቲኤስ» ፎልደርን ከፍተው ውጤቱ «ኤምፒ ፎር» እንዲሆን ያድርጉ። ከተዘጋጁት ምርጫዎች ለእኛ አገር ዲቪዲ 576 የሚለውን፣ ከአሜሪካ ለመጣው 480 የሚለውን ይምረጡ። ሥዕሉን ከነበረበት ለማሳደግ አይሞክሩ፤ ፋይሉ ይገዝፋል እንጂ ጥራቱ አይጨምርም። ሰው እስክስታ ሲመታ በሥዕሉ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለ መስመር ከታየ፣ መስመሩን የሚያጠፋውን ማጣሪያ ከፕሮግራሙ ውስጥ ይክፈቱ። በአሮጌ ላፕቶፕ ሥራው የፊልሙን ርዝመት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ስለሚችል መብራት ወይም ሙሉ ባትሪ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ።

አምስተኛ፣ ውጤቱን ይመርምሩ። መጀመሪያውን፣ መካከሉንና መጨረሻውን ይመልከቱ። ድምፁ ከአፍ እንቅስቃሴ ጋር መሄዱን ይዩ። ይህ ሳይደረግ ዋናው ዲስክም ሆነ የተገለበጠው ፎልደር አይጣል።

ስድስተኛ፣ ወደ ሞባይሉ ካርድ ይጫኑ። 32 ጊጋባይትና ከዚያ በታች የሆኑ ካርዶች አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበሉም። «ቦታ እያለ እምቢ አለ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

4. ላፕቶፕ ካልተገኘ

የዲቪዲ ማጫወቻና ቴሌቪዥን ብቻ ካለ፣ ሞባይሉን ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት በማይነቃነቅ ነገር ላይ አቁመው፣ ክፍሉን አጨልመው፣ ሰው ዝም ብሎ ፊልሙ እንዲቀረጽ ያድርጉ። ጥራቱ ዝቅ ይላል፤ ቢሆንም ጨርሶ ከመጥፋት ይሻላል። በኋላ መሣሪያ ሲገኝ በደንቡ ይገለበጣል።

5. ስም ይጻፉለት

ከሠላሳ ዓመት በፊት የተቀረጸ ሰርግ ለልጆቻችን የማያውቁት ሕዝብ የተሰበሰበበት ፊልም ነው። አማቹ ማን ነው? ሚዜዎቹስ? ከድንኳኑ በር ቆመው እንግዳ የሚቀበሉት አዛውንት የማን አባት ናቸው? ይህን የሚያውቁት እናቶቻችንና አባቶቻችን በሕይወት ሳሉ ፊልሙን አብረዋቸው ተቀምጠው ይመልከቱ። እያቆሙ ይጠይቁ፤ ስሙንና ደቂቃውን በወረቀት ይጻፉ። ለፋይሉም ዓመቱን፣ ቦታውንና ምክንያቱን የያዘ ስም ይስጡ፤ ለምሳሌ «1986 ጎንደር ሰርግ»።

6. ጥንቃቄ

ሀ) ዲስክዎን ለመገልበጥ ለማያውቁት ሰው ሰጥተው አይሂዱ። ሥራው እስኪያልቅ አብረው ይቀመጡ፤ በመሣሪያው ላይ የቀረውንም ቅጂ አስጠፍተው ይውጡ።

ለ) በፊልሙ ውስጥ የወታደር ልብስ የለበሰ ወይም መሣሪያ የያዘ ዘመድ ሊኖር ይችላል። በ1983 ዓ.ም. ከቀድሞው ሠራዊት ወደ ሱዳን የገቡ ወገኖች በርካታ መሆናቸው ይታወቃል። ስልክ በሚፈተሽበት መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ሥዕል ለማያውቀው ሰው ሌላ ትርጉም ሊሰጥ ስለሚችል፣ ያንን ቅጂ በስልክ ይዞ አለመጓዝ ይመረጣል።

ሐ) አገር ቤት ያሉ ሰዎች ፊት የሚታይበትን ፊልም እነርሱን ሳይጠይቁ በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ አያውጡ። እኛ የደስታ ፊልም ነው ብለን ያወጣነው ለእነርሱ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል።

መ) ካርድና ፍላሽም ይበላሻሉ። ስለዚህ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ በሞባይልዎ፣ አንዱ በሌላ ቤተሰብ እጅ፣ አንዱ በውጭ አገር ባለ ዘመድ ዘንድ። በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ሰነድ ፋይል ይላኩ፤ አለዚያ ሥዕሉ ተጨምቆ ጥራቱ ይቀንሳል። በዓመት አንድ ጊዜ ሁሉንም ከፍተው ይዩ።

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ዲስኩ ገና በሚነበብበት ጊዜ ሥራውን መጀመር ይበጃል። በሠፈሩ ውስጥ አንድ የዲስክ ማስገቢያ ያለው ላፕቶፕ ከተገኘ ጎረቤት ለጎረቤት ተራ ይዞ ሊጠቀምበት ይችላል። ኮምፒውተር የሚያውቁ ወጣቶቻችንም ለአዛውንቶች በዚህ ቢያግዙ ታላቅ አገልግሎት ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1) ቪሲዲንና ዲቪዲን በፎልደሮቻቸው እንዴት እንለያለን?
2) ከመለወጥ በፊት ሙሉውን መገልበጥ ለምን ያስፈልጋል?
3) በቤትዎ ካሉት ዲስኮች መጀመሪያ መገልበጥ ያለበት የትኛው ነው? ለምን?
4) በፊልሙ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ስም የሚያውቅ፣ ዛሬውኑ ሊጠየቅ የሚገባው ማን ነው?
5) ሦስተኛውን ቅጂ ለማን በአደራ ይሰጣሉ?