የተላጠ ቀለም ላይ ቀለም አይደረብም!

በዛሬው የሳይንስ አምዳችን ስለተላጠ ግድግዳ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። «ደግሞ ይሄ ምን ትምህርት አለው?» እንዳትሉኝ፤ እኔም እንደዛ ብዬ ነበር።

ባለፈው ዓመት ለእንቁጣጣሽ እኔና ወንድሜ ሳሎናችንን ቀባን። ግድግዳው ከታች ተላጦ ነበር፤ እኛ ግን በላዩ አዲስ ቀለም ደረብንበት። በጣም አማረ። ምን ዋጋ አለው! ገና ሳይደርስ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳ ጀመር። ከሁሉ የከፋው፣ የሁለት ዓመቷ እህታችን ቅርፊቱን እያነሳች ስትበላ አገኘናት። እናቴ ደንግጣ ጤና ጣቢያ ይዛት ሄደች። ደግነቱ ምንም አልሆነችም።

ቀለም ቀቢው አጎቴ መጥቶ ሲያይ «ቀለሙ ምን አደረገ? ጥፋቱ የውሃው ነው» አለን።

ቀለም ለምን ይላጣል?
ጋምቤላ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይቆያል። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ግድግዳችን ገና እርጥብ ነው። ከጣራ የወረደው ውሃ ግድግዳው ሥር ይጠራቀማል። ከዚያ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ሁሉ ልስኑም ውሃውን ወደ ላይ ይስባል። ውሃው ሊወጣ ሲል ቀለሙን ከኋላ ይገፋዋል።

ቅርፊቱስ ለምን ይጎዳል?
አንዳንድ ቀለም፣ በተለይ የቆየ የዘይት ቀለም፣ እርሳስ (ሊድ) የሚባል ብረት ሊኖረው ይችላል። የምንጽፍበት እርሳስ ግን ስሙ ብቻ ነው፤ ውስጡ ግራፋይት ነው። ሊድ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉዳት የለውም የሚባል መጠን የለም። አገራችንም በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ከልክላለች።

አጎቴ ያሳየን አሠራር
1. መጀመሪያ የውሃውን መንገድ መዝጋት። እኛ ከግድግዳው ውጭ ቦይ ቆፈርን።
2. በበጋ መቀባት። ፌስታል ቀደን ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፈን አንድ ቀን አቆየነው። ከውስጥ በኩል ጠብታ ከታየ ግድግዳው አልደረቀም ማለት ነው።
3. ሕፃናትን ማስወጣት፣ መሬቱ ላይ ላስቲክ ማንጠፍ፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን። የተላጠውን ውሃ እየረጩ በስፓቱላ መፋቅ። በደረቁ ከተፋቀ አቧራው ይተነፈሳል። ቅርፊቱን ሰብስቦ መጣል እንጂ ማቃጠል የለም። በመጨረሻ እጅን በሳሙና መታጠብ።
4. ግድግዳውን አጥቦ ማድረቅ፣ የተቦረቦረውን በስቱኮ መድፈን፣ ሲደርቅ ስቱኮውን ብቻ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ።
5. የመጀመሪያውን ቀለም ቀጠን አድርጎ መቀባት፤ ሲደርቅ ሁለተኛውን መድገም።

እንዲህ አድርገን በየካቲት ቀባነው። ክረምቱ መጥቶ ሄደ፤ አንድም ቦታ አልተላጠም!

አሁን ወደ ክፍላችን ልምጣ። የኋላ ወንበር ጓደኞቼ፣ ግድግዳውን በጥፍር መላጥ ይቅርብን፤ በዚያው እጅ እኮ ነው ዳቦ የምንበላው። መምህራን ሆይ፣ እድሳት ሲታሰብ እባካችሁ በበጋ ይሁንልን።

ጥያቄ፦ የቤታችሁ ግድግዳ የተላጠው ከላይ ነው ከታች? ውሃው ከየት ይመጣል? አይታችሁ ለክበባችን ጻፉልን።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!