የአፍሪዳር አሸዋና የቤርሸቫ ቢጫ አፈር

ጥያቄ፦ በእስራኤል ባሕሩ አጠገብ፣ አፍሪዳር ነው የምኖረው፤ ጓሮዬ አሸዋ ነው። ልጄ ያለችበት ቤርሸቫ ግን አፈሩ ቢጫና የላመ ነው። ለምን ተለያየ? ለጎመንስ የቱ ይሻላል?

መልስ፦ እናቴ፣ ሁለቱንም ያመጣው ነፋስ ነው። አሸዋው ከባድ ስለሆነ ከባሕሩ ብዙም አልራቀም። ደቃቁ ግን ከሰሃራና ከሲናይ በአቧራ መልክ ተነሥቶ ቤርሸቫ ባለችበት ሰሜን ኔጌቭ ላይ በብዙ ሺህ ዓመታት ተከመረ፤ ሌስ ይባላል። እፍኝ አርጥበው በጣትዎ ይሹት፤ አሸዋ ይቆረቁራል፣ የአገራችን ዋልካ ይጣበቃል፣ ሌስ ግን እንደ ጤፍ ዱቄት ይለሰልሳል። ጥልቅ ነው፤ ትርፉን ውኃ ወደ ታች ያሳልፋል፣ ለሥር የሚበቃውን ይይዛል። ስለዚህ ለጎመን እሱን እመርጣለሁ።

የዩክሬንና የአሜሪካ ሣራማ ሜዳዎች ዝነኛ ጥቁር አፈርም በአብዛኛው ከዚሁ ዓይነት አቧራ የተሠራ ነው። ያጠቆረው ለዘመናት የበሰበሰ የሣር ሥር ነው። ቤርሸቫ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚዘንብ ሣሩ ሳሳ፣ አፈሩም ቢጫ ሆኖ ቀረ።

ሌስ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፦ ባዶውን ዝናብ ሲመታው ላዩ እንደ ቅርፊት ይደርቅና ውኃው ሳይሰርግ ይሸሻል። ልጅዎ መደቡን በገለባ ትሸፍነው። እርስዎ ደግሞ አሸዋው ላይ ብስባሽ ይጨምሩበት፤ ውኃውንም ጥቂት ጥቂት እያሉ ቶሎ ቶሎ ያጠጡ።